ያልወደቀ ተራራና ያስጠነቀቀ ሰው

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ የወገራን ደጋ አቋርጦ፣ ዳባትንም አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ ግራና ቀኙ ገብስና ስንዴ የሚበቅልበት ሰፊ መሬት ነውና ስለ ተራራ መውደቅ የሚያስብ ሰው አይገኝም። ከደባርቅ ጥቂት ካለፈ በኋላ ግን ምድር በድንገት ታበቃለች፤ መንገዱም በሊማሊሞ ገደል ላይ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ይህን መንገድ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ያወጡት መሐንዲሶች ከተራራው ጋር የጀመሩት ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈጸመም። ክረምት ሲበረታ ድንጋይና አፈር እየተናደ መንገዱን ይዘጋል፤ ይጠረጋል፤ ደግሞም ይናዳል።

የተዘጋ መንገድ ይጠረጋል። ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ግን በዚያው በሰሜን ጎንደር ዞን፣ በጠለምት ወረዳ፣ ከብርቱ ዝናም በኋላ የወረደው ናዳ ቢያንስ 10 ሰዎችን ገደለ፤ ከ2,400 የሚበልጡትንም ከቤታቸው አፈናቀለ። ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ ሦስተኛው ቀን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ጊዜ ሰው ሁሉ «አስቀድሞ የሚናገር እንዴት ጠፋ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የተገባ ነው። ነገር ግን ከበስተኋላው ከእርሱ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ ቆሞአል፤ ይኸውም አስቀድሞ የሚናገር ቢገኝና የተናገረው ነገር ሳይደርስ ቢቀር፣ ያ ሰው ምን ይባላል? ሐሰተኛ ነውን?

ይህን ለመመርመር አስቀድሞ የተራራውን ባሕርይ ማወቅ ያስፈልጋል። የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሰና እየረጋ የተሠሩ ናቸው። በአንዱ ፍሰትና በሚቀጥለው መካከል ረጅም ዘመን ባለፈበት ስፍራ አመዱና የበሰበሰው ድንጋይ ቀይ አፈር ሆኖ በመካከል ቀርቶአል። ስለዚህ ተራራው ከሩቅ ለሚያየው አንድ አለት ይመስላል እንጂ፣ በውስጡ ጠንካራው ከደካማው ጋር ተነባብሮ ይኖራል። የክረምት ውኃ በጠንካራው ድንጋይ ስንጥቅ ገብቶ ይወርዳል፤ ከጭቃው ንብር ሲደርስ ግን መውጫ አጥቶ ይከማቻል። በዚያም ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ በላዩ ያለውን አፈር ያከብደዋል። ሁለተኛውና የሚብሰው፣ ከሥር ሆኖ በግፊቱ ያንን አፈር ሊያነሣው ይታገላል፤ አፈሩን ከተዳፋቱ ጋር አጣብቆ የያዘው ኀይልም እየላላ ይሄዳል።

የክብደቱን ነገር ገበሬ በሚያውቀው መስፈሪያ ማየት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ሄክታር ላይ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ በሩብ ሄክታር እርሻ ላይ 100 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 250,000 ሊትር ይሆናል፤ ሚዛኑም 2,500 ኩንታል ነው። የእርሻው ባለቤት በዕድሜው ሙሉ ከዚያ መሬት ይህን ያህል እህል አላፈሰም። እርግጥ ነው፣ ከውኃው ብዙው በጐርፍ ይሄዳል። የሚቀረው ግን ተራራው ሊሸከመው የሚገባው ነው።

ተራራውም ሸክሙ ሲበዛበት ዝም ብሎ አይወድቅም፤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ያሳያል። በተዳፋቱ ራስ ላይ አዲስ ስንጥቅ ይታያል። ቀጥ ብሎ የኖረ ዛፍ ያዘነብላል። የቤቱ መቃን ተጣሞ በሩ አልገጥም ይላል። ጥርት ያለው ምንጭ ይደፈርሳል፤ ወይም ምንጭ ከማይታወቅበት ስፍራ ውኃ ይፈልቃል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ዝናሙ ሳያቋርጥ ወንዙ በድንገት ሲጎድል ነው፤ በላይ አንድ ነገር ዘግቶታል ማለት ነውና። ይህን ሁሉ በተዳፋት ላይ ያረጀ ሰው ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል። የዕውቀት ማነስ ያለው ከዚህ አይደለም።

ታዲያ ስንት ዝናም ሲወርድ ተራራ ይወድቃል? ኔል ኬይን የተባለ ሊቅ በ1980፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰቡ 73 ናዳዎችን መርምሮ አንድ ወሰን አወጣ። ዝናሙ የአንድ ሰዓት ብቻ ከሆነ ወሰኑ 15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 24 ሰዓት ሳያቋርጥ ከዘነበ ግን በየሰዓቱ 4 ሚሊ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ፣ በድምሩ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ከእርሱ ወዲህ የመጡት ሊቃውንት ይህን ወሰን ለየአገሩ አፈርና ለየአገሩ ዝናም እንዲስማማ አድርገው አሻሽለውታል፤ ቀድሞ የወረደውንም ዝናም ይቈጥራሉ። ሰኔና ሐምሌ ያጠገቡት ተዳፋት በነሐሴ የሚወድቀው በሰኔ ከሚያስፈልገው ባነሰ ዝናም ነውና።

አንባቢ ግን የወሰንን ትርጕም ያስተውል። ዝናሙ ከወሰኑ በታች ሲሆን ናዳ እምብዛም አይታይም። ከወሰኑ ሲያልፍ ግን «ይወድቃል» ማለት አይደለም፤ «መውደቅ ከሚቻለው ደርሶአል» ማለት ነው። ከመቶ ተዳፋት አንዱ ይወርድ ይሆናል፤ ዘጠና ዘጠኙ እስከሚመጣው ዓመት ይቆማሉ። አንዱ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚነግር መሣሪያ ከጥቂት ስፍራ በቀር የለም። በመሆኑም በዚህ ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ከሚናገረው የሚበዛው በዐይን አይፈጸምም።

በሆንግ ኮንግ ከተማ በ1972፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ሰኔ 18 ቀን፣ በአንድ ቀን በወረዱ ሁለት ናዳዎች 138 ሰዎች ሞቱ። በ1976 ደግሞ በዚያው ሰፈር 18 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ በ1977 ተዳፋትን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ቆመ፤ ዝናሙ ከወሰኑ ሲደርስ ለሕዝቡ በይፋ ማስታወቅም ተጀመረ። ማስጠንቀቂያው በተነገረ ቍጥር በእያንዳንዱ ሰው ደጅ ናዳ አልወረደም። ይሁን እንጂ ተዳፋቱም እየተጠገነ ስለ መጣ እንደ 1972ቱ ያለ እልቂት ዳግመኛ አልታየም።

ሆንግ ኮንግ ባለጸጋ ከተማ ነው፤ ወደ ሊማሊሞ ግርጌ እንመለስ። እንበልና ከዚያ ካሉት መንደሮች በአንዲቱ፣ የዝናም መለኪያ የሚያነብ፣ የተዳፋቱንም ስንጥቅ በየሳምንቱ በገመድ የሚለካ አንድ ቄስ አለ። በሐምሌ አንድ ሌሊት መለኪያው ከወሰኑ አለፈ፤ ቄሱም ደወል ደወለ። ሕዝቡ ሕፃናቱን አዝሎ፣ ሽማግሌዎቹን ደግፎ ወደ ማዶ ወጣ፤ በዝናም ውስጥም አደረ። ሲነጋ ተራራው በስፍራው ነበረ። ከበረት የቀረውን ጥጃ ግን ጅብ በልቶታል። በነሐሴ መባቻ ሁለተኛ ደወለ። አሁንም ተራራው አልተነቃነቀም፤ አንዲት አራስ ግን በብርድ ታመመች። ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ከመንደሩ እኩሌታው ከመኝታው አልተነሣም። «አባ ደግሞ ጀመራቸው» አሉ።

እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ከተማ ውስጥ ተቀምጦ «የባላገር ግትርነት» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እነርሱ ግን ቈጥረው ነው። የጥጃው መበላት የታወቀ ነገር ነው፤ የተራራው መውደቅ የሚያጠራጥር ነገር ነው። ድኻ ሰው የታወቀውን ጉዳት ስለሚያጠራጥረው ጉዳት ብሎ ሁለት ጊዜ ከከፈለ በኋላ ሦስተኛውን ቢያመነታ በምን ይወቀሳል?

ቄሱስ በምን ይወቀሳል? በእውነት ያልሆነ ነገር ተናግሮአልን? ነገሩን ወደ ሥሩ መልሶ ማየት ይገባል። ደወሉ «ተራራው ዛሬ ሌሊት ይወድቃል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ንግግሩ ትንቢት ነው፤ ትንቢት ደግሞ በመድረሱና ባለመድረሱ ይፈተናል። ደወሉ ግን ይህን አላለም። «ተራራው ተራሮች ከሚወድቁበት ደረጃ ደርሶአል» አለ እንጂ። ይህ ስለሚመጣው ነገር ሳይሆን ስለ አሁኑ ነገር የተነገረ ቃል ነው። እንግዲህ ትንቢት አይደለም፤ ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ የሚፈተነው ዳኛው በፈረደው ፍርድ ሳይሆን ያየውን በትክክል አይቶ፣ ያየውንም ሳይጨምር ሳይቀንስ በመናገሩ ነው። ቄሱ መለኪያውን በትክክል አንብቦ፣ ስንጥቁንም በእውነት ለክቶ ከሆነ፣ ተራራው ቢወድቅም ባይወድቅም የተናገረው እውነት ነው። ሳይለካ ደውሎ እንደ ሆነ ግን ተራራው በዚያው ሌሊት ቢወድቅ እንኳ ነገሩ የተገጣጠመለት ሰው ይባላል እንጂ እውነተኛ አይባልም።

ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን ትጾማለች። ስለ ምን? ስለ አንድ ያልተፈጸመ ማስጠንቀቂያ ነው። ዮናስ በ40 ቀን ውስጥ ከተማይቱ እንደምትጠፋ ተናገረ፤ ከተማይቱ ግን አልጠፋችም። በዓለም ሥርዐት ቢሆን ያ ነቢይ ያፈረበት ቀን ይረሳ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በጾም ታስበዋለች። «የነነዌ ሰዎች ንስሓ ስለ ገቡ ዳኑ፤ ተራራ ግን ንስሓ አያውቅም፤ ሰው ቢሸሽም ባይሸሽም ይወድቃል ወይም ይቀራል» የሚል ቢኖር እውነቱን ነው፤ ምሳሌው እስከዚያ ድረስ አይሄድም። ከታሪኩ ለዚህ ነገር የሚጠቅመው የነነዌ ንስሓ ሳይሆን የዮናስ ቍጣ ነው። ዮናስ ከከተማይቱ ውጭ በቅል ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው መትረፍ አስቈጣው፤ ቃሉ ሳይደርስ ስለ ቀረ ስሙን አስቦአልና። የሚያስጠነቅቅ ሰው ሁሉ ይህች ቅል ትበቅልለታለች። ሁለት ጊዜ ያፈረ ቄስ በልቡ ጥግ «ምነው ዛሬስ በወረደ» የሚል ሐሳብ ብልጭ ቢልበት የሚያስደንቅ አይደለም። እንዳይነግሥበት ግን መጠንቀቅ አለበት።

ሌላም የሚነሣ ክርክር አለ። «ሞትና ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ መሸሽ እምነት ማጕደል ነው፤ ናዳም የሚወርደው በኀጢአተኛ ላይ ነው» የሚሉ አሉ። ለዚህ ብዙ ቃል አያስፈልግም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች በተነገረ ጊዜ ጌታ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ነበሩ ማለትን አልተቀበለም። በጠለምት የሞቱትም እንዲሁ ናቸው።

የሚከብደው የዋጋው ነገር ነው። በነቢዩ ሕዝቅኤል መጽሐፍ ስለ ጕበኛው የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ሁሉ፣ ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋው ጕበኛ የሟቹ ደም ከእጁ እንደሚፈለግ ያስታውሳል። ከዚያ በፊት ያለውን ግን ብዙው አያስተውለውም፤ ጕበኛውን ከመካከላቸው መርጠው ያቆሙት የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ ጕበኝነት የአንድ ሰው ትጋት ብቻ አይደለም፤ ሹመት ነው፤ የሾመም ሕዝብ ዕዳ አለበት። ደወሉ ሲደወል የሚጠለሉበት ቤት፣ ከብቱ የሚያድርበት በረት፣ ለአራሲቱ እሳትና ምግብ አስቀድሞ ያልተዘጋጀ እንደ ሆነ፣ ደወሉ ለባለጸጋው የመዳን ጥሪ ሲሆን ለድኻው የመክሰር ጥሪ ይሆናል። ተራራው ባልወደቀበት ሌሊት የተበላው ጥጃ ዋጋ የባለቤቱ ብቻ ኪሳራ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ በአካባቢው በእድርም ይሁን በሰበካ፣ ከፍ ሲልም በመንግሥት መዝገብ ሊገባ ይገባል። ያን ጊዜ ሦስተኛውን ደወል የሚሰማ ይገኛል። ይህ ሳይሆን «ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ አይሰማም» ማለት የራስን ዕዳ በሌላው ላይ መጻፍ ነው።

ኢትዮጵያ ለማስጠንቀቅ ሥራ እንግዳ አይደለችም። ከወሎው ረኀብ በኋላ ድርቅን አስቀድሞ የሚያስታውቅ ክፍል በእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሥር ተቋቁሞ ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ የሚመጣውን ረኀብ ለውጭ መንግሥታትና ለዓለም ማኅበራት በይፋ አስታወቀ፤ እርዳታው በብዛት የመጣው ግን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ድርቅ እንኳ ወራት ሰጥቶ ሳለ እንዲህ ከሆነ፣ ናዳ የሚሰጠው ሰዓታትን ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዕለቱን፣ የዐሥሩን ቀንና የወቅቱን ዝናም ይተነብያል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የተነገረ ቃል የአንዱን መንደር ስንጥቅ ሊያውቅ አይችልም። የመጨረሻውን ርምጃ የሚራመደው በስፍራው ያለ ሰው ነው፤ መሣሪያውም ምናልባት ስልክ፣ ስልኩም ኔትወርክ ሲያጣ ደወል ወይም ጥሩንባ ይሆናል። በየከተማው የእድር ጥሩንባ ሰው ከሞተ በኋላ ማለዳ ይነፋል። አስቀድሞ እንዲነፋ የሚከለክል ሕግ የለም።

አሁን ስለ ጎፋ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠለምቱ ናዳ አንድ ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳ ወርዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። በማግሥቱ ሰኞ ጧት ጐረቤቶች፣ መምህራንና የጤና ሠራተኞች ሳይቀሩ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰበሰቡ፤ በመቈፈርም ላይ ሳሉ ሁለተኛ ናዳ ወረደባቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ሆኑ፤ አገሪቱም ሦስት ቀን የኀዘን ቀን ዐወጀች።

በዚህ ስፍራ የምርምር ቃል ሁሉ ይከብዳል። የመጀመሪያው ናዳ ራሱ ማስጠንቀቂያ እንደ ነበረ መናገር ቀላል ነው፤ እግሩ የተቈረጠ ተዳፋት ድጋፉን ያጣልና ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይከተላል። ነገር ግን ወንድሙ ከአፈር በታች ሳለ የሚሮጠውን ሰው እጁን ይዞ «ቁም» የሚለው ማን ነው? የሮጡት ስሕተተኞች አይደሉም። ስለ ወዳጁ ነፍሱን ከሚሰጥ ይልቅ ታላቅ ፍቅር እንደሌለ የሚያምን ሕዝብ ሌላ ሊያደርግ አይችልም። ሊደረግ የሚችለው አንድ ነገር ይመስላል፤ ከመቶው ቈፋሪ ሁለቱ አካፋቸውን ጥለው ከጎን ባለ ጠንካራ መሬት ላይ ይቁሙ፤ ጀርባቸውን ለሚቈፈረው፣ ፊታቸውን ለተዳፋቱ ሰጥተው ይመልከቱ፤ የሚያስሮጠውም ምልክት አስቀድሞ ይታወቅ። በጎፋ ይህ ቢደረግ ስንት ሰው ይተርፍ እንደ ነበር የሚያውቅ የለም፤ ናዳው ፈጣን ነበረ። ግን የእነዚያ ሁለት ሰዎች ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ይታሰብ። ሌላው ሁሉ እያለቀሰ ሲቈፍር እነርሱ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ሁለተኛው ናዳ ካልወረደ መንደሩ የሚያስታውሳቸው ሳይቈፍሩ በመዋላቸው ነው።

የሚያስጠነቅቅ ሰው የመጨረሻው ፈተና ደግሞ «ተመለሱ» የሚለው ቃል ነው። በኢጣልያ አገር በላኲላ ከተማ በ2009፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ምድር ለብዙ ሳምንታት በጥቂት በጥቂቱ ስትንቀጠቀጥ ቆይታ ሳለ፣ አንድ ባለሥልጣን ሕዝቡን ለማረጋጋት የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ተናገረ። ምድር በተንቀጠቀጠ ቍጥር ውጭ ማደር የቈየ ልማዳቸው የነበረ ሰዎች በቤታቸው ተኙ፤ ሚያዝያ 6 ቀን ሌሊትም ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስድስት ሊቃውንት ከባለሥልጣኑ ጋር በ2012 ተፈረደባቸው፤ በ2014 ግን ሊቃውንቱ በይግባኝ ነጻ ወጡ፤ ባለሥልጣኑ ቅጣቱ ተቀነሰለት እንጂ ነጻ አልወጣም። ናዳና የምድር መንቀጥቀጥ ልዩ ልዩ ቢሆኑም፣ ከንቱ ማጽናናት ከከንቱ ማስደንገጥ ይልቅ እንደሚገድል ከዚህ ይታያል።

በሰሜንም ዝናሙ ሲያባራ ተዳፋቱ ወዲያው አይደርቅም። ውኃው ከንብሩ ቀስ በቀስ ነው የሚወጣው፤ አንዳንድ ስፍራ ሳምንታት ይፈጃል። መስከረም ጠብቶ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አደይ በስንጥቁ አፍ ላይ አብቦ፣ ገብሱም እየደረሰ ዝንጀሮ እንዳይጨርሰው ጠባቂ በሚፈልግበት ጊዜ፣ ያ ቄስ በማዶ ሰፈር ካሉት ተፈናቃዮች መካከል ቆሞ «ገና ነው» ማለት አለበት። ገመዱን ይዞ ስንጥቁን ለመለካት ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰዎቹም ከማዶ ሆነው ይመለከቱታል።